«የቂብላ ግድግዳ» እና «የምሥራቅ ግድግዳ» አንድ ናቸው?

ጠያቂ፦ በይፋት ስላሉት የጥንት ከተሞች ፍርስራሽ (ኖራ፣ አስባሪ፣ መሳል፣ በሪ ይፋት) በሚያወራ አንድ ትርጉም ላይ «የቂብላው ግድግዳ» የሚለው «የምሥራቁ ግድግዳ» ተብሎ ተቀምጧል። ልክ ነው? «ሚሕራብ»ንስ በአማርኛ ምን እንበለው?

የግእዝ ወዳጅ፦ ልክ አይደለም፤ ይህ ስሕተት ደግሞ ብዙ ቦታ ይደገማል። ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ስለሚሠራ ተርጓሚው ሳያስበው ያንኑ ወደ መስጊድ አዛወረው። ቂብላ የአቅጣጫ ስም አይደለም። ሥሩ ቀ-በ-ለ ነው፤ ፊት ለፊት መግጠም ማለት ነው። «ተቀበለ»፣ «አቀባበል»፣ የጾም ዋዜማው «ቅበላ» ሁሉ ከዚሁ ሥር ናቸው። ስለዚህ ቂብላ ሰጋጁ ፊቱን የሚሰጥበት፣ ወደ መካ ያለው ወገን ነው። ካይሮ ላይ ደቡብ ምሥራቅ ይሆናል፣ ሐረር ላይ ከሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ወደ ምዕራብ፣ ጅማ ላይ 12 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ።

ይፋት ያለበት የሰሜን ሸዋው ግን ለብቻው ይነገር። ሸዋ ሮቢትና መካ በአንድ ኬንትሮስ (ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚወርድ መስመር) ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ከደብረ ብርሃን ቢለካ ደግሞ ቂብላው ከሰሜን የሚለየው አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ብቻ ነው፤ ርቀቱ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ። በይፋት ቂብላው ሰሜን ነው። ያ ዓረፍተ ነገር የሕንጻውን ፊት በ90 ዲግሪ አዙሮታል።

ጠያቂ፦ «መስጊድ»ና «ሚንበር»ስ ከኛው ቃል ጋር ይዛመዳሉ?

የግእዝ ወዳጅ፦ ዐረቡ «መስጂድ» ሲል እኛ በ«ገ» የምንጠራው «ሰገደ» የሚለው ግስ ስላለን ይመስለኛል። ኢማሙ ጁምዓ ቀን ቆሞ የሚናገርበት «ሚንበር» ግን ከሁሉም ይበልጥ ደስ ይላል፦ ብዙ ሊቃውንት ወደ ዐረብኛ የገባው ከግእዙ «መንበር» ነው ይላሉ፤ ነበረ፣ ማለትም ተቀመጠ፣ ከሚለው። «ሚሕራብ»ን ከ«ምኵራብ» ጋር ያያያዙም አሉ፤ ይሄኛው እስካሁን ያከራክራል፣ እንደ ተረጋገጠ አትጻፈው። በአማርኛ ሚሕራብን እንዳለ ተወውና አንድ ጊዜ አብራራው፦ «ኢማሙ የሚቆምበት በግድግዳው ውስጥ የገባ ጎድጓዳ»። «መቅደስ» እንዳትለው፤ የሚለየው ቅዱስ ክፍል የለውም፣ ወገን ማሳያ ነው።

ካብ አዋቂ፦ ወደ ፍርስራሹ ለሚሄዱ ልጨምር። በድንጋይ ቤት ግድግዳ ውስጥም ዕቃ ማስቀመጫ ጎድጓዳ ስለሚሠራ፣ ጎድጓዳ ሁሉ ሚሕራብ አይደለም። የዕቃው ከመሬት ከፍ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ ነው። ሚሕራቡ ግን ከወለሉ ይጀምራል፣ ሰው የሚቆምበት ልክ ነው፣ ግድግዳው መካከል ላይም ይውላል። ከውጭ ዙሩ፦ ብዙ ጊዜ ጀርባው ወደ ውጭ ያበጠ ነው። ምክንያቱም ጎድጓዳው ግድግዳውን ያሳሳዋል፤ ከኋላ ካልተደገፈ ቀድሞ የሚናደው እዚያ ላይ ነው። ጣራው ከሄደ በኋላ ዝናቡ በካቡ አናት ገብቶ ጭቃውን ሲያጥበው፣ በመጀመሪያ የጎድጓዳው ቅስት ይወርዳል። ስለዚህ ቅስቱን ስላጣችሁ «ሚሕራብ የለም» አትበሉ፤ የእብጠቱን መሠረት ፈልጉ።

ቂብላውን ያለ መሣሪያ ለመለካት ደግሞ ፀሐይ ራሷ ትረዳለች። በዓመት ሁለት ጊዜ መካ ባለው በካዕባ አናት ላይ ትቆማለች፦ ግንቦት 20 ገደማ ከቀኑ 6፡18 እና ሐምሌ 9 ገደማ ከቀኑ 6፡27። ሐምሌ ደመና ነው፤ ግንቦትን ያዙ። አንድ ሜትር ዘንግ ትከሉ፤ ጥላው 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። ጥላው አጭር ስለሆነ ዘንጉ አናቱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢያዘነብል 3 ዲግሪ ገደማ ያሳስታችኋል። በዓይን አትመኑ፣ ቱንቢ ጣሉበት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ «በሰሜኑ፣ በቂብላው ግድግዳ መካከል ያለው ሚሕራብ» ብዬ አርማለሁ።

የግእዝ ወዳጅ፦ «በሰሜኑ» የሚለውን አታውጣው፤ ቂብላው በሌላ ወገን የሆነበት አንባቢም ያነበዋልና።