ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ይቀጥል ወይስ ክለቦች ወደየሜዳቸው ይመለሱ? ወሎስ የቱን ትጠይቅ?

ጥቁር ውሃ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ2012 ፕሪሚየር ሊግ በኮሮና ከተሰረዘ በኋላ የ2013ቱ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ተካሄደ። ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው አራት አምስት ሳምንት ይጫወታሉ፣ ከዚያ ጓዛቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ኮሮና አለፈ፣ አሠራሩ ግን ቀጠለ። ወልዲያ ላይ በጥር 2009 የተመረቀ፣ 25,155 ሰው የሚይዝ የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ቆሟል፤ ከ2013ቱ አምስት አስተናጋጆች ግን ወልዲያ አልነበረችበትም። እኔ የምለው፣ እንደ ወሎ አስተናጋጅነቱን አጥብቀን እንጠይቅ። እናንተስ?

ቦርከና፦ እደግፋለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በ16 ክለብ ብናሰላ፣ እያንዳንዱ ከአሰልጣኝና ከሕክምና ቡድን ጋር 30 ሰው ቢይዝ 480 ሰው ነው። አንድ ወር ከቆዩ 14,400 የአልጋ አዳር። ዳኞች፣ ኮሚሽነሮችና የቴሌቪዥን ሠራተኞች ገና አልተቆጠሩም። ወልዲያ ብቻዋን ካልቻለችው መርሳና ሐይቅ አሉ፣ 120 ኪሎ ሜትር ላይ ደሴ አለች፣ አውሮፕላኑ ኮምቦልቻ ያርፋል። ከጦርነቱ ወዲህ ሆቴሎቻችን እንዲህ ያለ ገበያ አላዩም።

ጦሳ፦ ወንድም ቦርከና፣ የአልጋው ሒሳብ ልክ ነው። የሣሩንም አስላው። በሳምንት 8 ጨዋታ ማለት ማሟሟቂያው ሳይቆጠር 12 ሰዓት ነው። በደንብ የተያዘ የተፈጥሮ ሣር በሳምንት ወደ 6 ሰዓት ያህል ይችላል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ማገገሚያ አያገኝም። አምስት ሳምንት ጨዋታ 40 ግጥሚያ ነው። በደርሶ መልስ፣ ማለትም አንዴ በሜዳው አንዴ በውጪ ቢሆን፣ አንድ ክለብ ዓመቱን ሙሉ በሜዳው የሚያደርገው 15 ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የሚበቃ ጨዋታ በአንድ ወር ሜዳው ላይ ይወርድበታል ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚራቆተው የግቡ አፍ ነው፤ ቀጥሎ የመስመር ዳኞች የሚመላለሱበት ጠርዝ። አፈሩ ሲረገጥ ይጠጥራል፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ የጠጣው ውሃ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ላዩ ላይ ይተኛል። ያኔ በመሬት የተላከ ኳስ መሐል ላይ ይቆማል ወይም ይነጥራል፣ ተጫዋቹ ቁርጭምጭሚቱን ያዞራል፣ አሰልጣኙም ኳሱን ወደ ላይ አንሱት ይላል። የሊጉ ጨዋታ ረጃጅም ኳስ በዛበት እያልን እናማርራለን፤ አንዱ ምክንያት እዚሁ እግራችን ሥር ነው።

መጠገኛው ይታወቃል። የጠጠረውን እስከ 10 ሳንቲ ሜትር እየወጉ መክፈት፣ ቀዳዳውን በታጠበ አሸዋ መሙላት፣ የተራቆተውን በሰርዶ ቁራጭ መትከል፣ ሳይረፍድ ጠዋት ማጠጣት፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት ሰው እንዳይረግጠው ማድረግ። የመጨረሻዋን የሚያከብር ግን የለም፤ ሊጉ ሲወጣ የወጣቶች ውድድር ይገባል፣ እሱ ሲያልቅ ስብሰባ።

ሐይቅ ዳር፦ ጋሽ ጦሳ፣ ይቅርታ ልጨምርበትና፣ ወሩንም ይንገሯቸው። ወሎ በልግ አለው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መዝነቡ ለገበሬው በረከት ነው፣ ለ40 ጨዋታ ግን አይመችም።

ጦሳ፦ ልክ ብለሃል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሰርዶም በብርድ ስለማያድግ የተጎዳው ሳይሞላ ይቀራል። ማጠጫው አስተማማኝ ከሆነ የሚሻለው ግንቦት ነው። ሙቀት አለ፣ ክረምቱ አልገባም።

ሐይቅ ዳር፦ እኔ ግን ከሣሩ ይልቅ የክለቦቹ ኪስ ያሳስበኛል። በደርሶ መልስ 15 የውጪ ጉዞ አለ። ለእያንዳንዱ 25 ሰው ሦስት ሌሊት ቢያድር በዓመት 1,125 አዳር። በአሁኑ አሠራር ግን ቡድኑ ከቤቱ ወጥቶ 200 ሌሊት ቢቆይ፣ በ30 ሰው 6,000 አዳር ነው፤ አምስት እጥፍ አለፈ። በዚያ ላይ የትኬት ገቢ የለም፣ ደጋፊው በሌላ ከተማ ቀርቷልና። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ስለሆነ፣ ሆቴሉ ሲበላው የሚዘገየው የተጫዋች ደሞዝ ነው። ደሞዝ ያጣ ተጫዋች ልምምድ ያቆማል፣ ውጤት ይጠፋል፣ አሰልጣኝ ይባረራል። በየዓመቱ የምናየው ሰንሰለት ይኸው ነው።

ቦርከና፦ ጉዞውን አቀለልከው። ከወልዲያ አርባ ምንጭ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው፤ አዲስ አበባ ብቻ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሲመለስ ሌላ ሁለት ቀን። ልምምዱ መቼ ነው? ወልዲያ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ላሊበላ ወይም ኮምቦልቻ ድረስ መኪና ግድ ነው። ቴሌቪዥኑም አለ። በ2013 ከዲኤስቲቪ ባለቤት ከመልቲቾይስ ጋር የተፈረመው የአምስት ዓመት ውል 68 ሚሊዮን ዶላር ነበር የተባለው። አንድ የቀረጻ መኪና አንድ ሜዳ ላይ ቆሞ በቀን ሁለት ሦስት ጨዋታ ያስተላልፋል። ስምንት ጨዋታ ስምንት ከተማ ከተበተነ የሚተላለፈው ስንቱ ነው?

ጥቁር ውሃ፦ ፀጥታውም አለ። በኅዳር 2010 ወልዲያ ከመቀሌ ከተማ ጋር ሊጫወት ሲል ገና ኳስ ሳትነካ ግጭት ተነሳ። በዚያው ዓመት ሌላ ሜዳ ላይ ዳኛ ተደብድቦ ሊጉ እስከ መቋረጥ ደረሰ። ይህን ማንም መርሳት የለበትም።

ሐይቅ ዳር፦ አልረሳነውም። ግን ደጋፊን ማራቅ መፍትሔ አይደለም። የእንግዳ ደጋፊ መኪና ከጨዋታው ሁለት ሰዓት በፊት ይግባ፤ በሩ ለብቻው፣ መቀመጫው ለብቻው፣ በሁለቱ ደጋፊዎች መሐል ባዶ ረድፍ ይተው። በዋዜማው በዙሪያው ያለ ድንጋይና የግንባታ ፍርስራሽ ይነሳ። ሲያልቅ እንግዳው ቀድሞ ይውጣ ወይም ባለሜዳው እስኪበተን ይቆይ፤ የትኛው እንደሆነ በቅድመ ጨዋታው ስብሰባ ይወሰን እንጂ በር ላይ አይደለም። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ሁለቱ አንድ መንገድ ላይ ሲገናኙ ነው።

ጦሳ፦ እኔን ወላሂ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ዛሬ ደሴ ከተማ ወይም ኮምቦልቻ ከተማ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ቢያልፍ 30ውንም ጨዋታ በሰው ሜዳ ነው የሚያደርገው። አስተናጋጁ ከተማ ክለብ ካለው ግን ወር ሙሉ በደጋፊው ፊት ይጫወታል። ይህ ፍትሐዊ ውድድር አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ባደገበት ዓመት ዋንጫውን የበላው፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ነው። በዚያ ዓመት ጅማ ላይ ጅማ ይጫወት ነበር። በ2011 መቀሌ 70 እንደርታ አነሳ። አሠራሩ ከተለወጠ በኋላ ግን በ2016 ንግድ ባንክ፣ በ2017 መድን። ሜዳ ሲጠፋ ሚዛኑ ወደ ደሞዝ ከፋዩ ያደላል።

ቦርከና፦ ፋሲል ከነማ በ2013 የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው በዚሁ አሠራር ነው እኮ፣ ጋሼ። በ2014ና በ2015 የወሰደው ጊዮርጊስም ደጋፊ አልባ ክለብ አይደለም። አቡበከር ናስር 29 ግብ ያስቆጠረውም በ2013 ነው።

ጦሳ፦ ፋሲልን ተቀብያለሁ፤ ደንቡን የሚያፈርስ ምሳሌ ነው። የአዲስ አዳጊውን ክለብ ነገር ግን አልመለስክልኝም።

ቦርከና፦ እሱ ላይ መልስ የለኝም።

ጥቁር ውሃ፦ እንግዲያስ ጥያቄዬን ላስተካክል። ሊጉ ባንድ ቀን ወደ ደርሶ መልስ እንደማይመለስ ግልጽ ነው። ስለዚህ ወልዲያ የምትጠይቀው በግንቦት ሁለት ሳምንት ጨዋታ ብቻ ይሁን፤ 16 ግጥሚያ፣ በቀን ሁለት፣ አንዱ ሳምንት በአራት ቀን ያልቃል፣ ከዚያ ሦስት ቀን ለሣሩ። ልምምድ ዋናው ሜዳ ላይ አይፈቀድም፤ ለ16ቱ ክለቦች ቢያንስ አራት የልምምድ ሜዳ ከወዲሁ ይደልደል። ከወሎ ክለብ ሲያልፍ ደግሞ ደርሶ መልሱን አብረን እንጠይቃለን።

ሐይቅ ዳር፦ ሸጋ ነው፣ ግን አራቱ የልምምድ ሜዳዎች የትኞቹ ናቸው? አቧራ ሜዳ ላይ ልምምድ ያደረገ ቡድን ወደ ሣሩ ሲገባ የጡንቻ መሳሳብ ይዞ ነው የሚገባው።

ጥቁር ውሃ፦ አንዱ የስታዲየሙ ግቢ ውስጥ ይታሰብ። ሦስቱ የትምህርት ቤት ሜዳ ነው የሚሆኑት፤ ከጥቅምት ጀምሮ ካልተደለደሉና ሣር ካልያዙ ለግንቦት አይደርሱም።