እህቴ ከጅማ ለልጆች መጽሐፍ ጉባኤ ልትመጣ ነው፤ የእኔ ወረቀት ያበላሽባታል?

መንደራ
ሰላም የጅማ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ታናሽ እህቴ ጅማ ነው ያለችው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፣ ማታ ማታ ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል ትሥላለች። በዚህ በጋ ሎስ አንጀለስ የልጆች መጽሐፍ ደራሲዎችና ሠዓሊዎች የሚገናኙበት ጉባኤ አለ ብላ ተመዝግባለች። ማለት በካርዴ የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ ከዚያ ሆና እንዴት ትከፍላለች። አሁን ቪዛ ልትጠይቅ ነው።

እማዬ ደግሞ በየቀኑ ትደውላለች። «የግብዣ ደብዳቤ ላክላት፣ አንተ እያለህ ልጄ ሰው ደጅ ትጥና?» ነው የምትለው። እማዬ የማታውቀው ነገር አለ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ 5 ዓመቴ ነው፣ ጥገኝነት ጠይቄ ኬዜ እስካሁን አልተወሰነም። የሥራ ፈቃድ አለኝ፣ ግሪን ካርድ የለኝም። ቤት ግን «ወረቀቴ አልቋል» ብያለሁ። አትፍረዱብኝ።

ጥያቄዬ፦ በስሜ ደብዳቤ ብጽፍላት ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳታል? ፎርሙ ላይ ወንድም አለሽ ወይ ሲላትስ ምን ትበል?

የቆጪ ልጅ
አብሽር ወንድሜ። መልሱን አላውቀውም። ግን ቤት «ወረቀቴ አልቋል» ያልከው አንተ ብቻ አይደለህም።

ጂረን 7
ወንድሜ መንደራ፣ በመጀመሪያ ተረጋጋ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ስንቱን ሰው ፎርም ሳስሞላ ኖሬአለሁ። እህትህ የምትጠይቀው የጎብኚ ቪዛ ነው፣ ቢ 1/ቢ 2 የሚባለው። ለጉባኤ መምጣት በዚሁ ይሸፈናል። ዲኤስ 160 የሚባለውን ፎርም ኢንተርኔት ላይ ትሞላለች፣ 185 ዶላር ትከፍላለች፣ ቢከለክሏትም ገንዘቡ አይመለስም። ከዚያ አዲስ አበባ ኤምባሲው ቀርባ ቃለ መጠይቅ ነው።

የግብዣ ደብዳቤን ነገር ሀበሻ አጋኖታል። ለዚህ ቪዛ ግዴታ አይደለም። ቆንስሉ የሚመዝነው እሷን እንጂ ያንተን ደብዳቤ አይደለም። 214 ለ የሚሉት ሕግ አመልካቹን ሁሉ ከመነሻው «ይህ ሰው ሊቀር ነው የሚመጣው» ብሎ ነው የሚያየው፣ ተመልሳ እንደምትሄድ ማሳመን የእሷ ሥራ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቷ ደብዳቤ፣ ደሞዟ፣ መስከረም ላይ የሚጠብቃት ክፍል፣ የሚጠቅማት ያ ነው። መምህርት መሆኗ ደግሞ ጥሩ ነው። ጉባኤው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት ስለሆነ ሥራዋን ጥላ አትመጣም።

የወንድም ነገር፦ ፎርሙ በግልጽ ይጠይቃል። አሜሪካ የቅርብ ዘመድ አለሽ ወይ ይላል፣ ወንድምም ይቆጠራል። አለኝ ካለች ዜጋ ነው፣ ግሪን ካርድ አለው፣ በጊዜያዊ ቪዛ ነው፣ ወይስ ሌላ ብሎ ያስመርጣታል። «የለኝም» ብላ እንዳትሞላ፣ አደራ! ዛሬ ቢከለክሏት ነገ ደግማ ትጠይቃለች። ዋሽታ ከተያዘች ግን ዕድሜ ልክ ሊዘጋባት ይችላል።

ሌላው፣ በፈረንጆቹ 2025 ሐምሌ ላይ ለኢትዮጵያውያን የጎብኚ ቪዛውን ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚሆን የ3 ወር አድርገውታል። በጣም ቀድማ ካገኘችው ጉባኤው ሳይደርስ ይቃጠልባታል። ቀኑን አስልታ ትያዝ።

መንደራ
ጋሼ እግዜር ይስጥህ፣ ብዙ ነገር ገባኝ። ግን እሷ እኮ እኔ ግሪን ካርድ ያለኝ ነው የሚመስላት። ያንን ብትሞላ ሳታውቅ ዋሸች ማለት አይደለም? «ሌላ» የሚለውን ምረጪ ካልኳት ደግሞ «ሌላ ምንድን ነው?» ልትለኝ ነው። ከቆንስሉ በፊት እሷ ናት የምትጠይቀኝ።

ሒርማታ
ጋሼ ጂረን ስለ ቆንስሉ ብዙ ብለዋል። ስለ ጉባኤው ግን የጠየቀ የለም። እኔ ሚኒያፖሊስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

አንደኛ፣ «ተጋበዝኩ» እንዳትል። እንዲህ ያለው ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ተመዝግቦ፣ ከፍሎ የሚገባበት ነው። በፈረንጆቹ 1971 እዚያው ሎስ አንጀለስ የተቋቋመ የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ማኅበር አለ፣ የበጋ ጉባኤ በማድረግ የታወቀ። አባል ለመሆን እንኳን መጽሐፍ ማሳተም ግዴታ አይደለም። ቆንስሉ «ማን መረጠሽ?» ቢላት «ማንም አልመረጠኝም፣ ሙያዬ ስለሆነ ተመዝግቤ ነው» ማለት ምን ነውር አለው? እውነት ነው፣ ያስከብራል።

ሁለተኛ፣ ሥዕሎቿን ይዛ ትቅረብ። ኤምባሲም ጉባኤም። አሥር አሥራ አምስት ጥሩ ሥዕል ይበቃል፣ ሃምሳ አያስፈልግም። አርት ዳይሬክተሮቹ፣ ማለት አሳታሚ ቤት ሠዓሊ የሚመርጡት፣ የሚፈልጉት አንድን ገጸ ባሕርይ ከገጽ ገጽ ሳይለወጥ መሣል መቻሏን ነው። ልጁ ሲሮጥም ሲያለቅስም ከጀርባ ሲታይም ያው ልጅ መሆን አለበት። ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ጎበዝ ሠዓሊ የሚወድቀው ግን እዚያ ላይ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አጣጥፎ በ8 በ8 ወይም በ16 በ16 ገጽ ስለሚያወጣው ነው። ታሪኳን በዚያ ልክ ከፋፍላ በእርሳስ ነድፋ ብትመጣ ከብዙዎቹ ትቀድማለች። ደራሲ የለኝም ብላም አትጨነቅ። እዚህ አገር አሳታሚው ጽሑፉን ከአንዱ ይገዛና ሠዓሊውን ራሱ ይመርጣል፣ ሁለቱ ሳይተያዩ መጽሐፍ የሚወጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ ቪዛው ካልሆነ በኢንተርኔት መከታተል ይቻል እንደሆን ትጠይቅ። በ2020 ኮሮና ጊዜ በዚያ ነው ያደረጉት። የሎስ አንጀለስ ጠዋት 3 ሰዓት ለጅማ ማታ 1 ሰዓት ነው። መብራት ካልጠፋ ይሆናል ☺️

አዌቱ ማዶ
መብራት ካልጠፋ! ሃሃሃ።

እኔን ግን «በጋ» የሚለው ነው የያዘኝ። ፈረንጅ በጋ ይበለው እንጂ ሐምሌና ነሐሴ ጅማ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድበት አጠገብህ ያለው ሰው የሚለው አይሰማም። አያቴ በቆሎ እየጠበሰች፣ ዝናቡ ቀነስ ሲል «ተረት ተረት» ትላለች፣ እኛ «የላም በረት»። አዌቱ ሞልቶ ሲያጓራ ይሰማን ነበር፣ እኛ ጅቡ ነው ብለን ብርድ ልብስ ውስጥ። ዘንድሮ ለልጄ በእንግሊዝኛ ልተርክላት ሞከርኩ። አያ ጅቦ አህያዋን በላት ስላት «ለምን ፖሊስ አልጠሩም?» አለችኝ። ምን ልበላት?

መንደራ፣ እህትህ ምንድን ነው የምትሥለው?

መንደራ
ተረት ነው። በአማርኛም በኦሮምኛም አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን። ጅቡ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጦጢት ቡና እየቀዳችለት የሣለችው አለ። በርጩማው አንድ እግሩ ተነቃንቋል፣ ጅቡ ግን አላወቀም። የክፍሏ ልጆች ያንን ገጽ ሲያዩ ይጮሃሉ አለችኝ።

አጂፕ
ቆንጆ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር። ትኬት፣ ሆቴል፣ ምዝገባ፣ ቪዛ ስንት ይመጣል? በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ብሩ ገበያ ላይ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። በዚያ ላይ ወረቀትና ቀለም ከውጭ ነው የሚገባው። ይህን ሁሉ ዶላር ለሦስት ቀን ስብሰባ ከማፍሰስ መጽሐፏን አሳትማ ጅማ ላሉ ትምህርት ቤቶች ብትሰጥ አይሻልም? እኔ በየወሩ ለስድስት ሰው እልካለሁ፣ ስለ ገንዘብ ለእኔ አትንገሩኝ። ደግሞ እንተዋወቃለን እኮ። ለስብሰባ የመጣ ስንቱ ነው የተመለሰው?

ሒርማታ
ይቅርታ አድርግልኝና ይሄ ንግግር ያናድዳል። ወንድ ኢንጂነር ለሥልጠና ቢመጣ «ገንዘቡን ለትምህርት ቤት ስጥ» ትለው ነበር? ሰው ለሙያው ሲመጣ አንተ ስለ ማምለጥ ታወራለህ። ከጅማ በቦንጋ በሚዛን ወርደህ ማጂ አለች አይደል? ጄን ከርትዝ የምትባል አሜሪካዊት የልጆች ደራሲ እዚያ ነው ያደገችው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ እንደ እኔ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። የእነሱ መገናኘት ነው ኢትዮጵያ ሪድስ የሚባለውን የልጆች ንባብ ድርጅት የወለደው፣ በፈረንጆቹ 2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈተው። ሰው ከሰው ሲገናኝ የሚመጣውን በብር አትለካውም።

አጂፕ
እሱ ተመልሶ ሠራ፣ አከብረዋለሁ። እኔ ያልኩት የማይመለሱትን ነው።

ጂረን 7
አጂፕ ያለው ጨርሶ ስህተት አይደለም። በጎብኚ ቪዛ መጥቶ የቀረ ሁሉ ከኋላው ለሚመጣው በሩን ያጠባል። ቆንስሉ ሀበሻ ሲያይ የሚያስታውሰው ያለፈውን ነው። እህቲቱ ብትቀር ነገ ሌላ የጅማ መምህርት…

የቆጪ ልጅ
ጋሼ ይቅርታ፣ አንተ በምን ነበር የመጣኸው?

ጂረን 7
በዲቪ፣ በ1998። በሕጋዊ መንገድ።

የቆጪ ልጅ
ዕጣ ወጣልህ ማለት ነው። እኔ አልወጣልኝም። ዕጣ የወጣለት ሰው ያልወጣለትን ሥነ ምግባር ሲያስተምር ደስ አይልም። መንደራም እኔም በሱዳን በሜክሲኮ፣ ወይም በአንድ ሻንጣ «ለስብሰባ» ብለን መጥተን ይሆናል። ሌሊት የምንነዳው፣ የወር ገንዘብ የምንልከው እኛ ነን።

ጂረን 7
ማንንም አልሰደብኩም። ልጅ ሆይ አፍህን ሰብስብ።

አዌቱ ማዶ
እንዴ! ሰው ስለ ወንድሙ ወረቀት ጠይቆ እኛ ምን ውስጥ ገባን። ለነገሩ መንደራ፣ እህትህን ደውለህ እውነቱን ብትነግራት? ለእማዬ ባትነግር እንኳን። ሣር ቅጠሉ ሲያውቅ እሷ ብቻ ናት የማታውቀው፣ እኛ እንኳን አወቅን።

ጂረን 7
እሱ ትክክል ነው። የጥገኝነት ፋይል በሕግ ሚስጥር ነው፣ ለውጭ ሰው አይሰጥም። ቆንስሉ ግን የዚያው መንግሥት ሠራተኛ ነው። ምን ሊያይ እንደሚችል ጠበቃህን ጠይቀው።

መንደራ
ጠበቃዬ ስልክ ባነሳ ቁጥር ያስከፍለኛል ጋሼ።

ትናንት ሌሊት ደወልኩላት። ለሥራ እየተነሳች ነበር፣ ዝናቡ ከኋላዋ ይሰማል። ልነግራት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ። ጉባኤው ላይ ቀለም ይሰጣሉ ወይስ ይዤ ልምጣ አለችኝ። የውሃ ቀለሟ ሰማያዊው አልቆባታል፣ ጅማ ፈልጋ አጥታለች። ሳልነግራት ዘጋሁት። ቅዳሜ እንደገና እደውላለሁ። ፎርሙን እስከ ወንድም ጥያቄው ድረስ ሞልታ እዚያ ላይ ቆማለች፣ «ያንተን ሁኔታ አንተ ንገረኝ» ብላ።

አጂፕ
ሰማያዊውን እኔ እልክላታለሁ። ማርኩን ጠይቅልኝ። እንዳልኩት ነኝ፣ ሐሳቤን አልቀየርኩም ግን።

የቆጪ ልጅ
ከመጣች አንድ ኪሎ የሊሙ ቡና ታምጣልኝ። የተቆላ ይሁን።

አዌቱ ማዶ
ለእኔ በርጩማ። እግሩ የማይነቃነቅ።

መንደራ
ገና ቀጠሮ አልያዘችም እኮ። ደግሞ ደብዳቤውን በስሜ ልጻፍ አልጻፍ ማን ነገረኝ?