በጭድ እስር ላይ አትክልት መትከል፦ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ጠያቂዋ፦ ሰሞኑን የታሰረ ጭድ ላይ ቲማቲምና ቆስጣ የሚተክሉ ሰዎች ቪዲዮ አይቼ ልቤ ተነሣ። «አፈር አያስፈልግም፣ አረም የለም፣ ጎንበስ ማለት ቀረ» ይላሉ። ግቢዬ ሲሚንቶ ነው። የሞከራችሁ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ።

የጎሮው፦ እህቴ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ባትገቢበት ይሻልሻል። አምና አራት እስር የስንዴ ጭድ ገዝቼ ግድግዳ ጥግ ደረደርኩ። ጭድ ዝም ብሎ አይተከልበትም። መጀመሪያ ውሃና ዩሪያ እየጠጣ ሁለት ሳምንት ገደማ መብላላት አለበት። እኔ በስድስተኛው ቀን ቸኩዬ ችግኝ አስገባሁ። በማግስቱ እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ አያስቀምጥም፣ ይፋጃል። ችግኙ ከነሥሩ ተቀቀለ። ሁለተኛውን ዙር ጠብቄ ተከልኩ። ያኔ ደግሞ ውሃው ፈተነኝ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ከላይ ያፈሰስኩት ወዲያው ከታች ይንጠባጠባል። በየቀኑ ጀሪካን መሸከም ሆነ። ሁለት ቀን ከዘለልኩ ቅጠሉ ጥውልግ ይላል። አረም የለም የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ጭዱ ውስጥ የቀረው ስንዴ ራሱ በቅሎ እስሩን አለበሰው።

ከቨርጂኒያ፦ ወንድሜ፣ የችኮላህን በጭዱ አታላክክ። የእኔ ጓሮ ድፍን ሸክላ አፈር ነው፣ ዶማ አይገባውም። ሦስት ዓመት ቃሪያና ጎመን በጭድ ላይ አብቅያለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ቆሜ መልቀሜ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

የጎሮው፦ እትዬ፣ እርስዎስ ደስ ይበልዎት። ግን እርስዎ ቧንቧ ሲከፍቱ ውሃ አለ። በየዓመቱስ አዲስ ጭድ አይገዙም?

ከቨርጂኒያ፦ እገዛለሁ፤ መከር ካለፈ በኋላ ይፈራርሳል። እሱን አልክድም።

የአፈር ባለሙያዋ፦ ነገሩ ጭዱ ውስጥ ነው ያለው። በስንዴ ጭድ ለ1 እጅ ናይትሮጅን 80 እጅ ገደማ ካርቦን አለ። ኮምፖስት ደህና አድርጎ የሚብላላው ከ25 እስከ 30 ሲሆን ነው። ስለዚህ ጭዱን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ከተክሉ ይሻሙታል፤ ቅጠል ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዩሪያ የሚነሰነሰውም ይህን ለመሙላት ነው፤ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ውሃ በበዛ ቁጥር ግን ከፊሉ ታጥቦ ይወርዳል። አፈር ቀረ ብለን በማዳበሪያ ተካነው ማለት ነው። ሌላም አለ። እንደ አሚኖፓይራሊድ ያለ አረም ማጥፊያ የተረጨበት ማሳ ጭድ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ቶሎ አይጠፋም። የቲማቲምና የባቄላ ቅጠል ያጨማድዳል። ሻጩ ደግሞ ምን እንደተረጨ አይነግርሽም።

ላም አርቢው፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጭድ እኮ ቀለብ ነው! ክረምት ገብቶ ጭድ ሲወደድ ፉርሽካ ብቻ እያበላሁ ወተቱ ሲቀንስ አያለሁ። አራት እስር ጭድ ላሜን ስንት ቀን ያከርምልኝ ነበር። ለቲማቲም መደብ ሲሆን ማየት ያመኛል።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ጭዱን ተውኩት። ሲሚንቶ ላይስ ምን ላድርግ?

የጎሮው፦ ጆንያ። አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለሽ ሙዪ፣ ጎኑን ቀደድ ቀደድ አድርገሽ ቆስጣ ሰካኪበት። ውሃ ከጭድ የተሻለ ይይዛል። ያ የከሰርኩበት ጭድ ሲበሰብስ ለጆንያዬ ሆነልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ብቅ በይና እይው፤ ችግኝም እሰጥሻለሁ።