ሰባት ዓመት የቆመችው የአባቴ ሂሉክስ፦ ከየት ልጀምር?

የጠባሴው ልጅ (ጥቅምት 24 ቀን 2017)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። አባቴ አንድ ቶዮታ ሂሉክስ ነበረችው። ነጠላ ጋቢና፣ ናፍጣ፣ 2ኤል ሞተር፣ የ1988 የፈረንጅ ስሪት። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ እየጫነባት ነው ያሳደገን። በ2010 ሲታመም ግቢያችን ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር አቆማት። ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። እሱም ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው።

ደላሎች ሁለቴ መጥተው ነበር። የሰጡት ዋጋ የብረት ዋጋ ነው። እናቴ አንዴ ሰምታቸው ሁለተኛ በር አልከፈተችላቸውም። እኔም መሸጥ አልፈልግም። ሮቢት ላይ ትንሽ መሬት አለችን። ዘንድሮ ከወንድሜ ጋር ሽንኩርት ልንተክልባት ነው። ባለፈው ዓመት ለአይሱዙ ኪራይ የከፈልነው ከትርፋችን ግማሹን ወሰደው። መኪናችን ደጃችን ቆማ የሰው መኪና መከራየት ያንገበግባል።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ኮፈኑን ከፍቼ ያየሁትን ልንገራችሁ። የአየር ፊልትሮው ቤት ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች፤ የገብስ ገለባና የማዳበሪያ ከረጢት ክር። ባትሪ የለም። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ የሸክላ ቀለም ይዟል፣ ጎድሏልም። የሞተር ዘይቱ ጠቁሯል፣ ልኩ ላይ ግን አለ። ናፍጣው ወደ ግማሽ ይሆናል። ክዳኑን ስከፍተው የናፍጣ ሽታ አልነበረውም፤ የቀለም ሽታ ነው። የኋላ ቀኝ ጎማዋ አፈር ውስጥ ሰምጧል። የእጅ ፍሬኑ እንደተያዘ ነው የቆየው። ዛሬ ለቀነው ለአራት ገፋናት፤ አንድ ስንዝር አልሄደችም።

አባቴ ደብተር ነበረው። ዘይት የቀየረበትን፣ ጎማ የገዛበትን፣ ሁሉንም ከነኪሎ ሜትሩ ይጽፋል። የውስጡን ቺንጊያ የቀየረው በ2002 እንደሆነ ከደብተሩ አገኘሁ። አሁን ቆጣሪው 287 ሺህ ላይ ነው።

ወንድሜ አይሱዙ ያለው ጓደኛ አለው። "በካቦ ጎትተን፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተን እናስነሳት" ይላል። እኔ ፈራሁ። እጃችን ላይ ያለው ገንዘብ ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ምን ላድርግ? በምንም ዓይነት መዝለል የሌለብኝስ የቱ ነው?

የድሮ መካኒክ (ጥቅምት 24)

ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ደብተር የሚይዝ ባለመኪና ድሮም ብዙ አልነበረም። ያንን ደብተር ጠብቀው። ግማሹን ሥራ አቅልሎልሃል።

በመጀመሪያ ወንድምህን አስቁመው። መኪናዋ እንዳትጎተት። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

2ኤል ሞተር ላይ ፒስተኑና ቫልቩ አንድ ቦታ እየተፈራረቁ ነው የሚሠሩት። ተራቸውን የሚጠብቅላቸው ያ የጎማ ቺንጊያ ነው። እሱ ከተበጠሰ ወይም ጥርሱ ከዘለለ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታዋል። ከዚያ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ነው። ቶዮታ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩት ትላለች። ጊዜው ሲደርስ ዳሽቦርዱ ላይ "ቲ-ቤልት" የሚል መብራት ይበራል። መብራቱ የሚቆጥረው ግን ኪሎ ሜትር እንጂ ዓመት አይደለም። ጎማ ቆሞም ይደርቃል። የአንተ ቺንጊያ 15 ዓመት ሊሞላው ነው። በአይሱዙ ጉልበት ስትጎትታት መጀመሪያ የሚፈተነው እሱ ነው።

ሁለተኛው የናፍጣ ፖምፓዋ ነው። እሷን የሚያለሰልሳት ራሱ ናፍጣው ነው፤ ሌላ ዘይት የላትም። ግማሽ ናፍጣ ይዞ የቆየ ሰልባቲዮ (የናፍጣ ታንክ) ውስጥ ባዶው ቦታ ያልበዋል። ጠባሴ ሌሊት ውርጭ ነው፣ ቀን ፀሐይ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጠብታ ውሃ ሲገባበት ኖሯል ማለት ነው። ያንን ውሃ ወደ ፖምፓዋ ካስገባህ ውስጧ ይፋቃል። እሷን ማሠራት ኪስ ያራቁታል።

ስለዚህ ከጽዳት ጀምር። የአይጧን ጎጆ ሙልጭ አድርገህ አውጣ። ቱቦውን ነቅለህ እስከ ሞተሩ ድረስ በባትሪ መብራት እይ። አንዲት ገለባ እንዳትቀር። የኤሌክትሪክ ገመዶቹንም በጣትህ እየዳሰስክ ተከተላቸው። አይጥ ካደረች ገመድ ሳትቀምስ አትቀርም። የተላጠ ካገኘህ ባትሪ ከመግጠምህ በፊት ይጠገን።

ከዚያ ናፍጣውን ከሰልባቲዮው ሥር ያለውን ቡሽ (መድፈኛ) ፈትተህ በሙሉ አፍስሰው። በነጭ ጀሪካን አሳድረህ እየው፤ ውሃው ከሥር ቁጭ ብሎ ይታይሃል። ሰልባቲዮው ውስጥ ጥቁር አተላ ካለ አውርደህ እጠበው። የናፍጣ ፊልትሮው አዲስ ይሁን። የጎማ ቱቦዎቹን እጠፋቸው፣ ከተሰነጣጠቁ ቀይራቸው።

አሁን ወደ ሞተሩ። አራቱን ካንዴሌታ (ሞተሩ ሲነሳ ውስጡን የሚያግሉትን) ታወጣለህ። መጀመሪያ ሥራቸው ላይ የዝገት ማላቀቂያ አፍስስና ይደሩ። በጉልበት ካዞርካቸው ቴስታታው ውስጥ ይሰበራሉ፣ እዚያ ከቀሩ ደግሞ ሌላ መከራ ነው። ሲወጡ በየቀዳዳው አንድ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምር። ሁለት ሌሊት ተወው። ከዚያ ማርሹን ነጻ አድርገህ ሞተሩን ከፊት ባለው ትልቁ የክራንክ ቡሎን በእጅህ በቁልፍ አዙር። ከፊት ቆመህ ስታየው እንደ ሰዓት አዟዟር ነው። ቀስ በል። ሁለት ሙሉ ዙር ያለ ችግር ከዞረ ደስ ይበልህ። ከነቃነቅከውና እምቢ ካለ አትታገለው፤ ዘይት ጨምረህ ሌላ ሁለት ቀን ጠብቅ።

ሞተሩ መዞሩን ካረጋገጥክ በኋላ ቺንጊያውን ከነወጣሪው ቀይር። የውሃ ፖምፓዋንም እግረ መንገድህን አሳያት። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀይር። ራዲያተሩን እጠብ፣ ክዳኑን አዲስ ግዛ። ክዳኑ ትንሽ ነገር ትመስላለች። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ግፊት ይዞ ከመፍላት የሚያቆየው ያ ክዳን ነው። ላስቲኩ ከደረቀ ዳገት ላይ ያስቸግርሃል።

ልታስነሳት ስትል ካንዴሌታዎቹ ገና ሳይገቡ ባትሪ ግጠም። ናፍጣ ፖምፓዋ ላይ ነጠላ ገመድ የገባባት ሶለኖይድ (ናፍጣውን የምትከፍትና የምትዘጋ) አለች፤ ገመዷን ንቀል። በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) አሥር አሥር ሰከንድ እያልክ፣ እያሳረፍክ አዙር። ያ ያፈሰስከው ዘይት በቀዳዳው ይተፋል፤ ፊትህን አርቅ። የዘይት መብራቱ ሲጠፋ ይበቃሃል። ከዚያ ካንዴሌታዎቹን መልስ፣ ገመዱን ሰካ፣ ፊልትሮው አናት ላይ ባለው የእጅ መጫኛ አየሩን አስወጣ። ማለዳ አትሞክራት። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያገኛት ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። ቤንዚን የነከረ ጨርቅ አየር መግቢያው ላይ እንያዝ የሚል ሰው ከመጣ ከግቢህ አስወጣው። ካንዴሌታ በጋለበት ሞተር ውስጥ ያንን ማስገባት ፒስተን መስበር ነው። እጅ የተቃጠለበትም ሰው አውቃለሁ።

የሮቢት መስመር ሹፌር (ጥቅምት 25)

ጋሼ ስለ ሞተሩ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ በዚህ መስመር 11 ዓመት ነድቻለሁ፤ ጥያቄህን ሳነብ ግን ሐሳቤ የሄደው ሌላ ቦታ ነው። መዝለል የሌለብኝ የቱ ነው ብለሃል። ፍሬኑ ነው። ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ለፍሬን አውለው። ያልተነሳች መኪና ግቢህ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ማንንም አትጎዳም።

መንገዱን ታውቀዋለህ። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ሮቢት 1300 ገደማ። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈህ ደብረ ሲና እስክትገባ ያለው ጥምዝምዝ ብቻውን ይበቃል፣ ከደብረ ሲናም በኋላ ቁልቁለቱ አላለቀም። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም። ውሃ ከጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ፍሬን ስትደጋግም ይፈላና አረፋ ይሆናል። ያኔ ፔዳሉ እግርህ ሥር ይሰምጣል፣ መኪናዋ ግን አትይዝም። አንድ ቀን ደብረ ሲና አፋፍ ላይ ከአራቱም ጎማ ጭስ የሚወጣ ፒካፕ አይቻለሁ። ልጁ ከተራራው ጥግ ጋር አላትሞ ነው ያቆማት። ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ስለዚህ ዘይቱን በሙሉ አስቀይር፤ መሙላት አይደለም፣ ማስቀየር ነው ያልኩህ። ዋናዋን የፍሬን ፖምፓና የኋላ ጎማዎቹን ትንንሽ ፖምፓዎች አስፈትተህ አሳይ። አራቱንም ጎማ ያለ ማወላዳት ቀይር። ጥርሱ ሙሉ ነው ብለህ እንዳትታለል። ጎኑ ላይ አራት አሐዝ ተጽፏል። 2313 ካለ በ2013 የፈረንጅ፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። የኔ ግምት የአንተ ከዚያም ይብሳል።

መብራትና የመስታወት መጥረጊያም አትርሳ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የራስህን ኮፈን አታይም። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ በሞተር እየያዝክ ውረድ። መጀመሪያ ባዶዋን ሞክራት። ጭነት ሌላ ጊዜ።

የሰላ ድንጋይ ልጅ (ጥቅምት 26)

ወንድሜ፣ እኔ ስለ ሞተር አላውቅም። ስለ ወረቀቱ ግን ከራሴ ልንገርህ፤ የእኛም አባት መኪና ትቶልን ነበር።

ሊብሬው በአባትህ ስም ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ሳታወጣ ስሙ አይዞርም። ከትዳር በኋላ የተገዛች ከሆነች ደግሞ የእናትህ ድርሻ መጀመሪያ ይለያል፤ ውርስ የሚሆነው የአባትህ ድርሻ ነው። ወንድምና እህት ካላችሁ ቁጭ ብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። እኛ በቃል ተስማምተን ስለነበር አንድ ወንድማችን ሐሳቡን ሲቀይር ስምንት ወር ተጓተትን። ገንዘቡ አይደለም ያመመን፣ መኮራረፉ ነው።

የሶስተኛ ወገን መድንና ዓመታዊ ምርመራው በአዋጅ ግዴታ ናቸው። መድን ሳትገባ "ትንሽ ልሞክራት" ብለህ አስፋልት እንዳትወጣ። ሰው ቢነካ ሽንኩርቱም መሬቱም ይሄዳል። ለእናትህ ሰላምታ አድርስልኝ።

የጠባሴው ልጅ (ኅዳር 15)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለወንድሜ ከስልኬ ላይ አነበብኩለት። ጋሼ የጻፉትን ሲሰማ ካቦውን ራሱ መለሰው።

ከሰልባቲዮው ስር የወጣው ውሃ ሁለት ሊትር ያህል ይሆናል። አተላው እንደ ቅባት ይለጠፋል። አውርደን አጠብነው። ከካንዴሌታዎቹ ሦስተኛው እምቢ ብሎ አራት ቀን ነክረነዋል። ዘይቱን የጨመርነው በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው። በ13 ጠዋት ቁልፉን ክራንኩ ቡሎን ላይ አስገብቼ ሳዞረው መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ነበር። ከዚያ ትንሽ ሰጠ። ከዚያ ዞረ። ወንድሜ በአጠገቤ ሆኖ ዙሩን ጮክ ብሎ ይቆጥር ነበር።

የድሮውን ቺንጊያ አውጥቼ በእጄ አጠፍኩት። ተሰነጠቀ። ብንጎትታት ኖሮ ብዬ ሰውነቴ ተንቀጠቀጠ።

ትናንት ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳች። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው። ወደ አምስት ደቂቃ ያህል ተንገራገጨችና ድምጿ ተስተካከለ። እናቴ ከጓዳ በነጠላዋ እንዳለች ወጣች። ምንም አላለችም። ኮፈኑ ላይ እጇን አድርጋ ቆየች። እኔም ዝም አልኩ።

አስፋልት አልወጣንም። አሁን በባሕር ዛፍ ጉማጅ ላይ ተሰቅላለች። የኋላ ታምቡሮቿን ስንፈታ የፍሬን ሸራው ከብረቱ ጋር በዝገት ተጣብቆ ነበር፤ ለካ ያኔ አልሄድም ያለችው ለዚህ ነው። የጎማዎቹ ትንንሽ ፖምፓዎችም ላስቲካቸው ደርቆ ዘይት ያፈሰሱ ናቸው። ሁለቱንም ከሶማሌ ተራ (ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ) የሚያመጣልን ሰው ረቡዕ ይመለሳል። ጎማዎቹን በሚቀጥለው ወር። የወራሽነቱን ማመልከቻ አስገብተናል፣ አምስታችንም ፈርመናል።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከኋላ አክስሉ ጋር በረጅም ዘንግ የተያያዘች የፍሬን ቫልቭ አለች። ዘንጓ ዝጎ አይንቀሳቀስም። አንድ ጎረቤት "ንቀላት፣ ቱቦውን ቀጥታ አገናኘው" አለኝ። ምን ይላሉ?

የድሮ መካኒክ (ኅዳር 15)

እንዳትነቅላት። የጭነቱን ክብደት አይታ ለኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ጉልበት የምትመጥነው እሷ ናት። ካነሳሃት ባዶዋን ስትነዳ፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዝ የኋላዋ ጎማ ቀድሞ ይቆልፍና መኪናዋ ትዞርብሃለች። ዘንጓን በዝገት ማላቀቂያ ነክረህ አለስልሳት፣ ውስጧ ካልሠራ ሌላ ይፈለጋል።

ፖምፓዎቹን ሲያመጣልህ ብቻህን አትግጠማቸው። አየሩን ስታስወጣ ፔዳሉን የሚረግጥልህ የለመደ ሰው ያስፈልግሃል። ሐሙስ ከሰዓት ሥራ የለኝም። ቤታችሁ የት ጋ እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝና እመጣለሁ።