የክረምቱ የንባብ ዕቅድ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ቅዳሜ የዕድራችን ኮሚቴ ዘንድ ይቀርባል። እስካሁን ያለው «ለሰፈሩ ልጆች ቤተ መጻሕፍት እንክፈት» የሚል ብቻ ነው። የጎደለውን ጻፉልኝ።

አባል፣ ከሰኞ ገበያ፦ ማን ሊያነብበት? ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። ሀ ሁን እንደ ዘፈን ታንበለብለዋለች። ትናንት ሌላውን በእጄ ሸፍኜ «ሂ»ን ብቻ ባሳያት ጠፋባት። ከ«ሀ» ጀምራ ቆጥራ ነው የደረሰችበት። ክው ነው ያልኩት።

መምህርት፦ እህቴ፣ ያንቺ ልጅ ብቻ አይደለችም። እንደ ዓለም ባንክ ግምት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በ10 ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱት 90 በመቶ ያህል ናቸው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ጮኸ። ችግሩ ግን ከታች ነው የሚጀምረው። ክፍሉ ይሞላል፣ ሁሉም ባንድ ላይ ይጮኻል፣ ያልገባው ልጅ በጓደኞቹ ድምፅ ውስጥ ይደበቃል። እያንዳንዱ ልጅ 10 ደቂቃ ብቻውን ድምፁን አውጥቶ የሚያነብበት ሰው ያስፈልገዋል።

አንድ አባት፦ የኔታ ይህን ያውቁት ነበር። ሀ ሁ ሲያልቅ አቡጊዳ ያስቆጥሩናል። ቅደም ተከተሉ ስለሚዘበራረቅ ሸምድዶ ማለፍ የለም! ፊደሏን በስንደዶ እየነካን ነበር። ቁርአን ቤትም ልጁ ሎሁን፣ የሚጻፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ይዞ ብቻውን ሸኩ ፊት ይቀርባል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ልክ ብለዋል። ክረምት ላይ የከተማው ልጆች እዚሁ ነን። እኔ 10 አስነባቢ አመጣለሁ። አንዱ በሰዓት 6 ልጅ ቢያስነብብ 60 ልጅ ነው። አበል አንጠይቅም፤ ሻይ በዳቦ ግን አይቅርብን።

አባል፣ ከሰኞ ገበያ፦ ሰኞ አይሁን፤ ልጆቹ ገበያ ላይ ናቸው። ከሰዓት ደግሞ በደሴ ዝናብ ማን ይወጣል?

መምህርት፦ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት 4 ሰዓት። መድረሳ የሚሄዱትም ይደርሳሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 16 ፍልሰታ ስለሆነ ቅዳሴ ሳይገባ እንጨርሳለን።

ጸሐፊ፦ «ቤተ መጻሕፍት» የሚለውን ሰርዤ «የንባብ ሰዓት፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ በዕድሩ አዳራሽ» ብያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ፊደል በተዘበራረቀ መልኩ እየተጠየቀ ልጆቹ ይመደባሉ። መጽሐፍ የምንገዛው ከዚያ በኋላ ነው። በጀቱ ላይ ሻይና ዳቦው ገብቷል።

አንድ አባት፦ ለቅሶ ከገጠመ ወንበሩ ይወጣል።

አባል፣ ከሰኞ ገበያ፦ ምንጣፍ ከየቤታችን እናመጣለን። እኔ ሁለት አለኝ።