ሶመርሌድ «ቫይኪንግ ነው፤ አለቀ»?

ናቲ_ካዛንቺስ፦ ትናንት አንድ የታሪክ ቪዲዮ ላይ ተራኪው ምን ቢል ጥሩ ነው? «የስኮትላንዱ የማክዶናልድ ጎሳ አባት ሶመርሌድ ቫይኪንግ እንጂ ጌል አይደለም። ዲኤንኤው ተመርምሯል፤ አለቀ።» (ጌል የሚባለው ጌሊክ ቋንቋ ተናጋሪው የስኮትላንድና የአየርላንድ ሕዝብ ነው።) በፈረንጆቹ 1164 ሬንፍሩ ላይ የተገደለ ሰውዬ ጉዳይ በምራቅ ምርመራ አለቀ?

ሀቁን_ብቻ፦ ምን አጠፋ? የኦክስፎርዱ ብራያን ሳይክስ የጎሳውን አለቆች መረመረ። የአባታቸው መስመር ኖርዌይ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ሆነ። ስሙ ራሱ በቫይኪንጎቹ ቋንቋ በኖርስ ነው፤ «የበጋ ተጓዥ» ማለት ነው። ዘር ከልጓም ይስባል ወዳጄ።

ናቲ_ካዛንቺስ፦ የአባቱ ስምስ? ጊሌብሪጅ። አያቱ? ጊሌአዶምናን። «ጊሌ» በጌሊክ አገልጋይ ነው። የቅድስት ብሪጅድ አገልጋይ፣ የቅዱስ አዶምናን አገልጋይ። በእኛ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ጊዮርጊስ እንደምንለው። ቫይኪንግ ልጁን ገብረ አዶምናን ይላል?

ሀቁን_ብቻ፦ ይላላ! የስኮትላንድ ምዕራብ ደሴቶች ላይ ቫይኪንግና ጌል ስንት ዘመን ተጋብተው ተዋልደዋል። ሶመርሌድም ያገባው «ማን» የሚባለው ደሴት ንጉሥ የነበረውን የኦላፍን ልጅ ራግንሂልድን ነው።

ናቲ_ካዛንቺስ፦ ከተዋለዱማ አላለቀም።

ሀቁን_ብቻ፦ አንተ ደግሞ አንዲት ቃል ይዘህ ሙጭጭ!

የኤድንብራዋ፦ እኔ የምኖረው እዚሁ ስኮትላንድ ነው፤ አይላ ደሴት ፊንላጋንም ሄጃለሁ። ሐይቁ ውስጥ ፍርስራሽ ያለበት ደሴት አለ። ከሱ ጀርባ ደግሞ ትንሽ፣ ክብ ነገር አለች፤ የምክር ደሴት ነው የሚሏት። የደሴቶቹ ጌታ፣ ማለትም ከሶመርሌድ ዘር የሚወጣው ገዢ፣ ከሹማምንቱ ጋር የሚመክረው እዚያ ነበር። አዲሱ ጌታ ሲሾም ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ድንጋይ ላይ በተፈለፈለ የእግር ቅርጽ ላይ እግሩን ያኖር ነበር ይላሉ የኋላ ጸሐፊዎች። የአባቶቹን ዱካ ሊከተል ነው። ይሄ የጌል ወግ ነው። በ1408 ጌታው ዶናልድ የሰጠው የመሬት ሰነድም በጌሊክ ነው የተጻፈው። ምራቁ ኖርስ ይሁን፣ አፉ ጌል ነበር።

ሀቁን_ብቻ፦ እህቴ፣ 1408 እኮ ሶመርሌድ ከሞተ ከ240 ዓመት በላይ ነው። የልጅ ልጅ ልጆቹ የተናገሩትን ለሱ ማልበስ ምን ይሉታል?

የኤድንብራዋ፦ አንተስ የዛሬ አለቆችን ምራቅ አይደል ለሱ ያለበስከው? ያውም ከ800 ዓመት በኋላ!

ናቲ_ካዛንቺስ፦ 😂😂 አለቀ!

ጦና፦ ዘሩን ተዉትና ሥራውን እዩ። በ1462 የደሴቶቹ ጌታ ጆን ከእንግሊዙ ኤድዋርድ አራተኛ ጋር በድብቅ ተዋውሎ ስኮትላንድን ሊካፈል ነበር። በ1493 ጌትነቱ የተነጠቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ባንዳ ናቸው።

ናቲ_ካዛንቺስ፦ ባንዳ?? በ1314 ባኖክበርን ላይ የማክዶናልዶቹ አለቃ አንገስ ኦግ ከስኮትላንዱ ንጉሥ ከሮበርት ብሩስ ጎን እንግሊዞችን ሲዋጋ የት ነበርክ?

ጦና፦ አያት ስለተዋጋ የልጅ ልጅ ከባንዳነት ነጻ ይወጣል? እንዲህ ያለ ሒሳብ አላውቅም።

የኤድንብራዋ፦ ጦና፣ ነገሩን ከሥሩ ያዘው። ደሴቶቹ እስከ 1266 የኖርዌይ ንጉሥ ይዞታ ነበሩ። በፐርዝ ውል ስኮትላንድ 4,000 ማርክና በየዓመቱ 100 ማርክ ልትከፍል ተስማምታ ተረከበቻቸው። ነዋሪውን ማን ጠየቀው? በዋጋ የተገዛ ሰው ለገዢው ካልታመነ ባንዳ ነው?

ጦና፦ ኧረ ባክሽ! ባኖክበርን ላይ ግን «የእኛ ጀግና» ነው፣ አይደል? ሲያሸንፍ ስኮትላንዳዊ፣ ሲዋዋል የተገዛ።

ናቲ_ካዛንቺስ፦ ከማክዶናልዶች ባላንጣ ከካምቤል ጎሳ ነህ እንዴ?

ጦና፦ የመርካቶ ልጅ ነኝ። ውል ሳይ ግን ውል እንደሆነ አውቃለሁ።

ሀቁን_ብቻ፦ ጨዋታው ወዴት ሄደ? ርእሱ ሶመርሌድ ነው። በ1156 በፈረንጆቹ ጥምቀት ሌሊት የሚስቱን ወንድም ጎድሬድን የገጠመው ባሕር ላይ፣ በመርከብ ነው። ይሄ የገበሬ ጠባይ ነው?

ናቲ_ካዛንቺስ፦ የደሴት ሰው በምን ይዋጋ፣ በበቅሎ?

ሀቁን_ብቻ፦ ቀልዱን ተወው። ዲኤንኤው አልተቀየረም።

ናቲ_ካዛንቺስ፦ «አለቀ» ብለህ ነበር እኮ። አሁንም እየጻፍክ ነው።