«ዳይድ ኢን ዘ ዉል» ምን ማለት ነው? ሱፍ ውስጥ የተነከረ ሰው አለ እንዴ?

ጀማሪዋ ተርጓሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምተረጉመው ጽሑፍ አንድን እንግሊዛዊ ሽማግሌ «ዳይድ ኢን ዘ ዉል ኮንሰርቫቲቭ» ይለዋል። ቃል በቃል ስተረጉመው «ሱፍ ሳለ የተነከረ ወግ አጥባቂ» ሆነና ራሴም ሳቅኩ። ሰውየው ሱፍ ልብስ ይወዳል ማለት ነው? ነገ ጠዋት ስለማስረክብ ድረሱልኝ።

ብሩክታዊት፦
ሃሃ፣ ልብሱን ተዪው። የለየለት ወግ አጥባቂ ነው። በምንም የማይነቃነቅ።

የሸማኔ ልጅ፦
ልክ ነው፤ ግን ከየት እንደመጣ ብታውቂው ይቀልሻል። የበግ ጠጉር ሳይፈተልም፣ ከተፈተለ በኋላም፣ ተሸምኖ ካለቀም በኋላ ቀለም ይነከራል። ካለቀ በኋላ ሲነከር፣ በተለይ ጨርቁ ወፍራም ከሆነ፣ ቀለሙ ውስጡ ድረስ ላይዘልቅ ይችላል። ገና ጠጉር ሳለ ከተነከረ ግን እያንዳንዷ የጠጉር ዘለላ ቀለሟን ይዛ ነው የምትፈተለው። ሰውየውም እንደዚያ ነው። አቋሙ ኋላ የተቀባው ሳይሆን ከጥንስሱ የገባበት ነው። (አያቴ ቤት የነበረው የመንዝ ባና እዚህ ውስጥ የለበትም። ጥቁረቱ የበጉ የራሱ ነበር፣ ነካሪ አላስፈለገውም።)

ጋሽ መዝገቡ፦
ልጆቼ፣ እኔም ትንሽ ልጨምር። አባባሉ በእንግሊዝኛ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አለ። ያኔ እንግሊዝ ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ዋናው የሱፍ ጨርቅ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል። መጀመሪያ የሚነገረው ስለ ልጅ አስተዳደግ ነበር፣ በልጅነት የገባ ጠባይ አይለቅም ለማለት። ወደ ፖለቲካው ያስገቡት በተለይ አሜሪካኖች ናቸው። ሴናተር ዳንኤል ዌብስተር በ1830 እ.ኤ.አ. ዴሞክራቶችን ሲሸነቁጥ ተጠቅሞበታል።

ጀማሪዋ ተርጓሚ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። «ቀንደኛ ወግ አጥባቂ» ብለውስ?

ብሩክታዊት፦
እኔ አልወደድኩትም። ቀንደኛ ሲባል ፊት ቀድሞ የሚያስተባብር፣ ጠብ እርግፍ የሚል ሰው ነው የሚታየኝ። ያንቺ ሽማግሌ ቤቱ ጋዜጣ እያነበበም ሊሆን ይችላል።

የሸማኔ ልጅ፦
ደግሞ «ዳይድ ኢን ዘ ዉል» የሚባለው ለእምነት፣ ለአቋም፣ ለልማድ ነው። ለቁመትና ለመልክ አይሆንም። እንግሊዝኛውን የምትጽፊበት ቦታ ካለ፣ ከስም በፊት ሲመጣ አራቱንም ቃላት በሰረዝ አያይዣቸው።

ጀማሪዋ ተርጓሚ፦
«እስከ አጥንቱ ድረስ ወግ አጥባቂ» ብዬ ጻፍኩት። ሱፉን ጣልኩት፣ የሸማኔ ልጅ ይቅር ይበለኝ።